የላምባ ምድጃው አጥር

ደሴ የሚኖረው ልጄ ቤት ስገባ ከሰላምታው ቀጥሎ የምሠራው ሥራ ፍተሻ ነው። የሶኬቶቹን መክደኛ በጥፍሬ እየፈለቀቅሁ እሞክራለሁ። የውሃ ማፍያው ገመድ ከጠረጴዛው ጫፍ ተንጠልጥሎ ካገኘሁት ሰብስቤ ወደ ግድግዳው እገፋዋለሁ። ካውያው ከተተኮሰበት በኋላ የት ተቀምጦ እንደሚበርድ እጠይቃለሁ። ምራቴ "እማማ ጀመሩ ደግሞ" ትላለች። እየሳቀች ነው የምትለው፤ ሳቋን ግን ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ልጄ የሸሚዙን እጅጌ ሲጠቀልል ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ የተጨማደደው ቆዳ ይታያል። ትንሿ የልጅ ልጄ በጣቷ እየነካካች "ይሄ ምንድን ነው አባዬ?" ትለዋለች፤ እሱም "አያትሽን ጠይቂ" ይላታል። እኔ ለእሷ የምነግራት አሳጥሬ ነው። ሙሉው ታሪክ የሚከተለው ነው።

እኔ ከጥንትም ተጠራጣሪ ነኝ። ሰው ሲስቅ ለምን ሳቀ፣ ዝም ሲል ምን ደብቆ ነው እላለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "አንቺ እኮ ጸሎት የምታደርጊው አንድ ዓይንሽን ገልጠሽ ነው" ይለኝ ነበር። እሱ ቀልዱን ነው። ግን መካነ ሰላም በዚያን ጊዜ ለማይጠራጠር ሰው የምትመች ከተማ አልነበረችም። ድርቁ ጀርባውን ቢያዞርም ረሃቡ ገና ከሰው ፊት ላይ አልለቀቀም። ንጉሡ ወርደዋል፤ ቀበሌ ተቋቁሟል፤ በየስብሰባው ማን እህል ደብቋል፣ ማን ለማን ምን አወራ ይባላል። ትናንት ቡና ያጠጣሽ ጎረቤት ዛሬ አጥር አሻግሮ ሲያይሽ ምን ፈልጎ ነው ትያለሽ። ሰላም ለማለት ብቻ እንደሆነ ማን ይነግርሻል?

ባለቤቴ መምህር ነበር። አንድ ቀን በአቀስታ በኩል ከመጣ የጭነት መኪና ላይ ካርቶን ታቅፎ ወረደ። ከደሴ ያመጣው የላምባ ምድጃ ነው። እንጨት ተሸክመው የሚመጡልን ሴቶች ከረሃቡ ወዲህ ቀርተዋል፤ የሞቱት ሞተዋል፣ የቀሩትም ሸክም የሚችል ጉልበት የላቸውም። ስለዚህ ምድጃው ያስፈልገን ነበር፤ አልክድም። ሆኖም ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ጠላሁት። ሆዱ ናስ ነው፤ በሦስት ቀጫጭን እግሮች ይቆማል፤ በጎኑ ባለችው መንፊያ ሲነፉት እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ይጮኻል። ጭስ የለውም፤ አመድ የለውም። ጭስ የሌለው እሳት ደግሞ ለአዋቂ ምቾት ይሁን እንጂ ለሕፃን ምን ብሎ ያስጠነቅቀዋል? የበኩር ልጄ ያኔ መዳህ ጀምሯል፤ ያገኘውን ይዞ ለመቆምም ይሞክራል። የሚያበራ ነገር ካየ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

እኔ ምድጃው ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ አልኩ። አማቴ እንቢ አሉ።

አማቴ ከከላላ መንገድ ዳር ካለ ገጠር ነው የመጡት። ባላቸው ቄስ ነበሩ። በክፉው ዘመን፣ በረሃቡ፣ ባላቸውንም ትንሿን ልጃቸውንም ቀብረው እኛ ዘንድ ገቡ። ቁመታቸው አጭር፣ ቃላቸው ረዥም ነው፤ ከሳቸው ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው አላውቅም። ጠረጴዛው ያለው በመስኮቱ ሥር ነው። ምድጃው እዚያ ከተቀመጠ ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል፤ በበር የሚያልፈው የተራበ ሰው ድስት መጣዱን ያውቃል፤ ዓይኑም ምግቡ ላይ፣ ከዚያም ልጁ ላይ ያርፋል። የሳቸው ስጋት ይኸው ነበር። ባለቤቴም ደግፎ "ቀበሌዎቹስ ይሄን ሁሉ ላምባ ከየት አመጣችሁ ቢሉን?" አለ። እሱም በራሱ መንገድ ይጠራጠር ነበር። በሁለቱ ጥርጣሬ መካከል የኔ ጥርጣሬ ተሸነፈና ምድጃው ወደ ጓዳ ገባ፤ ከአልጋው ጀርባ መሬት ላይ ተቀመጠ። ልጄ ከሚድህበት ከፍታ ጋር ልክ ለልክ።

አማቴ ልጁን የሚጠብቁት ከሰው ዓይን ነው። አንገቱ ላይ ክታብ አስረውለታል፤ ግንባሩ ላይ ጥላሸት ይቀቡታል፤ እንግዳ ሲገባ በነጠላቸው ይጠቀልሉትና "ይሄ አስቀያሚ፣ ምኑ ይታያል" ይላሉ። እኔ የምጠብቀው ከምድጃው ነበር። እሳቸው በሩን ሲያዩ እኔ ጓዳውን አያለሁ። ምድጃው በተለኮሰ ቁጥር ልጁን በጀርባዬ አዝለዋለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ አዝሎ ሽንኩርት መክተፍ፣ ውሃ መቅዳት፣ መታጠብ እንዴት እንደሚያደክም ያየ ያውቀዋል። ከእለታት አንድ ቀን ባለቤቴን "ለበግ ግልገል በረት እንሠራ የለ? ለምድጃው አጥር አሠራልኝ" አልኩት።

ሐሳቡን ወደደው። ግን በከተማው ብረት የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ከገበያው ወዲያ፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ የሚኖረው ባለ እጅ። ማረሻ የሚስለው፣ ማጭድ የሚያበጀው እሱ ነው። ገበሬው ሁሉ ሥራውን ይፈልጋል፤ ቤቱ ገብቶ ውሃ የሚጠጣ ግን የለም። ቡዳ ነው ይሉታል። ባለ እጅን ቡዳ ብሎ መስደብ ክልክል ነው ተብሎ በቀበሌ ስብሰባ ከተነገረ ወዲህ ቃሉ ከአደባባይ ጠፋ። ከሹክሹክታ ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም በሹክሹክታ ሲባል የባሰ ያስፈራ ነበር።

ባለቤቴ ሄዶ አነጋገረውና ተመለሰ። "ልጁን አምጡልኝ ብሏል" አለ። "እጁ የት ድረስ እንደሚደርስ ሳላይ አጥር ብሠራ ለስሙ ነው የምሠራው አለ።"

አማቴ የያዙትን ሰፌድ አስቀመጡ። "ልጁን? ለቀጥቃጭ? እኔ ስሞት!"

"እማዬ፣ ሰውዬው እኮ የሚለው እውነት ነው" አለ ባለቤቴ።

"እውነቱን እዚያው ያቆየው። እህትህንስ ማን በላት? እንደ እንኮይ የፈካች ልጅ ነበረች። የአገራችን ቀጥቃጭ ማረሻ ሊመልስ መጥቶ ደጃፌ ላይ አያት፤ ሳምንት አልቆየችም።"

የባለቤቴ እህት የሞተችው በክፉው ዘመን፣ ሕፃን ሁሉ በሚረግፍበት ወራት ነው። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሆኖም ልጇን የቀበረች እናት ፊት ይሄ አይነገርም።

በመጨረሻ ዘዴ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለልጁ ሹራብ እየሠራሁ ነበር። ከሰማያዊው ክር ቆረጥኩና ልጁ ሲተኛ እጁን ዘርግቼ ከብብቱ እስከ ጣቱ ጫፍ፣ ከዚያም ትንሽ አሳልፌ ለካሁ። ሁለቱንም ጫፍ ቋጠርኩት። ባለ እጁ ከምድጃው እስከ አጥሩ ዘንግ ያለውን ርቀት ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ካደረገው፣ ልጁ እጁን እስከ ብብቱ ቢያስገባም እሳቱን አይነካም። ምድጃውን ደግሞ ባለቤቴ ለልኬት ይዞለት ይሄዳል። አማቴ ክሩን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና "እኔው አደርሰዋለሁ፤ ገበያ መሄዴ ነው" አሉ።

ይሄ ነገር አልጣመኝም። ያን ያህል የሚፈሩት ሰው ቤት ክር ለማድረስ ፈቃደኛ መሆናቸው ምንድን ነው? ስጠይቃቸው "ከሩቅ አስቀምጬለት እመለሳለሁ፤ አብሽሪ" አሉኝ። አብሽሪ ሲሉኝ ደግሞ ይበልጥ እጠራጠራለሁ። ቢሆንም ልጁን አልወሰዱት፤ ክር ነው የወሰዱት። ክር ምን ሊሆን ነው ብዬ ተውኩት።

አጥሩ ሲመጣ ባለ እጁ ራሱ ነበር ያመጣው። ከበሩ አልገባም። ደጅ ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ምድጃውንና አጥሩን ለባለቤቴ አስረክቦ ሄደ። አማቴ ልጁን ይዘው አልጋ ውስጥ ገብተው ነበር። አጥሩ ከአሮጌ በርሜል ብረት የተሠራ ነው፤ ከታችም ከላይም ቀለበት አለው፣ በመሃል ዘንግ በዘንግ። ከባድ ስለሆነ ሕፃን ሊገፋው አይችልም። እጄን በሁሉም በኩል አስገብቼ ነቀነቅሁት፤ ጠንካራ ነው። ትንሽ ጠበበኝ፤ ግን ልኩ በራሴ ክር የተለካ ነው ብዬ ዓይኔን ተጠራጠርኩ እንጂ ክሩን አልተጠራጠርኩም። ከዚያ ወዲህ ልጁን ማዘል ተውኩ። በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ፣ ወገቤን አቅንቼ ሠራሁ። ደስ ብሎኝ ዘፈን ሁሉ አንጎራጉሬያለሁ።

ቀናት አለፉ። ውሃ ጥጄ፣ ጨው ላመጣ ወደ መደርደሪያው ዞር አልኩ። የልጁን ጩኸት ሰማሁ። ስዞር በሆዱ አጥሩ ላይ ተለጥፎ፣ ግራ እጁን በዘንጎቹ መሃል እስከ ብብቱ አስገብቶ የምድጃውን እግር ይዟል። ድስቱ ዘንብሎ ውሃው በክንዱ ላይ ይወርዳል። እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም። እጁን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ ጮህኩ፤ እሱ ይጮኻል፣ አማቴ ይጮኻሉ፣ ምድጃውም ይጮኻል። ወደ ጤና ጣቢያው ይዤው ሮጥኩ። ድሬሰሩ አጥቦ፣ ቅባት ቀብቶ፣ በጨርቅ ጠቀለለው። "እጁ ይተርፋል፤ ጠባሳው ግን አይለቅም" አለኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ቤት ስመለስ ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ጠበቁኝ። አንዷ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ "የሱን እጅ ሥራ ቤትሽ አስገብተሽ ምን ጠበቅሽ?" አለች። ሌላዋ "ክሩን ስጡኝ ማለቱ ለዚህ ነው" አለች። ክሩን የሰጠነው እኛ እንጂ እሱ አልጠየቀም፤ ግን ማን ይሰማል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወሬው እየሰፋ ሄደ። ማረሻቸውን ለመሳል ይዘው የመጡ ገበሬዎች ከመንገድ እየተመለሱ ደጎሎ ድረስ ለሌላ ባለ እጅ ሊወስዱ ነው ተባለ። የዘር ወቅት ነው። ባለ እጁ መሬት የለውም፤ የሚበላው ገበሬ ለማረሻ የሚሰፍርለትን እህል ነው። በዚያ ዘመን ለአንድ ወቅት እህል ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

እኔም ጠርጥሬው ነበር፤ ዓይኑን ግን አይደለም። ብረት ውድ ነው፤ አጥሩን አጥብቦ የተረፈውን ለማጭድ አውሎታል ብዬ ነው። በንዴት አጥሩን ተሸክሜ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ሚስቱ ወናፍ ትነፋለች። እሱ እኔን ሲያይ ከእኔ ይልቅ ከኋላዬ ያለውን መንገድ አየ።

"ብቻዎን ነዎት እሜቴ?" አለኝ።

"ብቻዬን ነኝ። ልኩን የት አደረስከው? ብረቱን ለማን ሸጥከው?"

እሱ ከግድግዳው ምስማር ላይ ሰማያዊውን ክር አወረደ። "የሰው አደራ አልጥልም" አለ። "እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣም አላጣሁትም።" ምድጃው የሚቆምበትን ቦታ በልኩ መሬት ላይ በጣቱ ምልክት አደረገ፤ አጥሩን በዙሪያው አስቀመጠ፤ ክሩን ከምልክቱ እስከ ዘንጉ ዘረጋው። ልክክ አለ። አልጎደለም፣ አልተረፈም።

ክሩን ከእጁ ተቀብዬ ጫፎቹን ዳሰስኩ። በአንዱ ጫፍ ቋጠሮዬ አለ። በሌላው የለም፤ በመቀስ የተቆረጠ ነው። ክሩንም አጥሩንም እዚያው ትቼ ወጣሁ። ደህና ዋል እንኳ አላልኩትም።

አማቴ ደጃፉ ላይ ልጁን ታቅፈው ፀሐይ ያሞቁት ነበር። ጎንበስ ሲሉ ማተባቸው ከቀሚሳቸው ወጣ። ከጥቁሩ ማተብ ጋር አንዲት ሰማያዊ ክር ተገምዳለች፤ ጫፏ ላይ የኔ ቋጠሮ። መዳፍ አትሞላም። የልጄን ክንድ ያቃጠለችው ያቺ ጎዶሎ ናት።

"እማማ፣ ይሄን ከየት አመጡት?" አልኩ።

እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ።

"ሙሉ ልኩን ልስጠው?" አሉ። "ሙሉ ልክ የሚሰጠው ለሬሳ ነው ልጄ። የዚያችን የልጄን ልክ በገመድ ለክቼ ለሳጥን ሠሪው ሰጥቻለሁ። የዚህንም ቁመትና ክንድ ለሰው እጅ ሙሉውን ልስጥ? ከክሩ ላይ ቆርጬ እኔ ዘንድ ባስቀምጥ፣ በቀረው ምንም አያደርገው፣ ልጁን ሙሉ አድርጎ አይወስደውም አልኩ። ለእሳቱ አላሰብኩም። ለእሳቱ ማሰብ ነበረብኝ እንዴ?"

ልጮህባቸው ነበር የመጣሁት። ነገር ግን የልጁን የታሸገ ክንድ በሁለት እጃቸው እንደ እንቁላል ይዘው አየኋቸው። ሳዝንላቸው ንዴቴ አልጠፋም። "እሱን ሰውዬ ግን እያስራቡት ነው" አልኳቸው። "ማንም ማረሻ አይወስድለትም።" ለባለቤቴ አልነገርኩም፤ የሳቸው ነገር ነውና ይንገሩት እሳቸው አልኩ።

በማግስቱ ገበያ ነበር። አማቴ ከወትሮው ቀድመው ተነሱ። የልጁን ግንባር አጠቡ፤ ጥላሸቱን ግን አልቀቡትም። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ፤ ልጁን አልጠቀለሉበትም። "ነይ" አሉኝ። በገበያው መሃል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የልጁን ፊት ገልጠው ሄዱ። ያቺ ጆሮዬ ላይ ያንሾካሾከችው ጎረቤቴ ጌሾ እየሸመተች ነበር፤ አፏን ይዛ ቀረች። እኔ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ምን ሊያደርጉ ነው ብዬ እየተጠራጠርኩ ነው።

ባለ እጁ ቤት ስንደርስ ልጁን መሬት ላይ አስቀመጡት። ሰውዬው ልጁን ሲያይ ፈጥኖ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ይሸፍኑት እሜቴ" አለ። "እኔ አላየሁትም። ነገ ጉንፋን ቢይዘው ለኔም ለልጆቼም አይበጅም። አላየሁትም በሉልኝ።"

"ዙሩ አያ" አሉ አማቴ። በክብር አያ ብለው ሲጠሩት ሚስቱ ወናፉን አቆመች። "ልኩን ቆርጬ ያመጣሁብዎ እኔ ነኝ። የተቃጠለው በኔ ነው። ገበያ ላይም ይሄንኑ ተናግሬ ነው የምመለሰው።" ማተባቸውን አውጥተው ሰማያዊዋን ክር በጥርሳቸው በጠሱና ከትልቁ ክር አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጡ።

ሰውዬው አሁንም አልዞረም። በዚህ መሃል ልጄ፣ አንድ ክንዱ ታስሮ፣ በሌላው እየዳኸ ከሰሉ ውስጥ ወደ ቀላው ብረት አቀና። እኔና አማቴ እኩል አየነው። የአማቴ እጅ ወደ ነጠላቸው ሄደ፤ ፊቱን ሊሸፍኑ። ከዓመታት ልማድ የተነሳ መሆን አለበት። እኔ ገና ልደርስበት ስል ባለ እጁ ዞሮ ብረቱን በጉጠት አንስቶ ውሃ ውስጥ ከቶታል፤ ከሰሉንም በእግሩ ወደ እሳቱ ጉድጓድ ገፍቶ ራሱን በልጁና በእሳቱ መካከል አስቀምጧል። እንፋሎቱ ሲበተን ልጄ የሰውዬውን ጉልበት ይዞ ቆሞ ነበር፤ ቀና ብሎም ዓይኑን ያየዋል። ሰውዬውም ያየዋል።

አማቴ ነጠላቸውን ለቀቁት። እጃቸው የት እንደሚያርፍ አጥቶ ጉልበታቸው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የልጁን ደህና ክንድ ዘርግተው ለሰውዬው ያዙለት።

እሱ ሁለቱን ክሮች ቋጥሮ ከልጁ ብብት እስከ ጣቱ ዘረጋ። ትንሽ አሰበና ሌላ ክር ቀጥሎ ከልኩ አልፎ አስረዘመው።

"ጨምረን ነው መሥራት" አለ። "ልጁ ያድጋል።"

አማቴ "አሜን" አሉት።